ትርፍ አያስፈልገውም ያልኩት ጣሪያ

በሰፈራችን ጣሪያውን የሚያድስ ሁሉ ሽንግል የሚባለውን የጣሪያ ንጣፍ ሲገዛ ከልኩ ጥቂት እሽግ አስበልጦ ነው የሚገዛው። የተረፈው ጋራዥ ውስጥ አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። እኔን ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። "ሒሳብ የማይችል ሰው ትርፍ ይከምራል" እያልኩ ስንቱን አብሽቄያለሁ።

የእኛ ተራ ሲደርስ ሜትሬን ይዤ ቤቱን ዞርኩት። የቤቱን ርዝመት በወርዱ አባዛሁና አንዲት ሳላስተርፍ ልክ ልኩን አዘዝኩ። መሰላል አልወጣሁም። "ለሒሳብ መሬትም ይበቃል" አልኩ፤ እውነቱ ግን ከሁለተኛው እርከን አልፌ አላውቅም።

አማቴ ቨርና በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

"ሎዌል፣ ጣሪያው ተዳፋት ስለሆነ ከወለሉ ይሰፋል እኮ። አንተ የለካኸው ወለሉን ነው።"

"እማማ፣ ይሄን ለእኔ ይተዉት።"

"ተውኩት። ከሥሩ የምተኛው ግን እኔ ነኝ።"

ቅዳሜ ጎረቤቶቻችን ለደቦ መጡ። እንደ ወጋችን ቢራውና ፒዛው በእኔ ነው። አሮጌውን ገፈው ጣሉ፣ አዲሱን ከታች ወደ ላይ እየደረደሩ መቱ። ከሰዓት በኋላ የቀኝ ጎረቤቴ ዱዌይን ከላይ ተጣራ።

"ሎዌል፣ ቀሪውን አቀብለን።"

"የምን ቀሪ?"

"የአማትህ ክፍል እኮ ገና ራቁቱን ነው።"

ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእኔ ነበር። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ መደብሩ ቅዳሜ የሚሠራው እስከ ቀትር ነው። ሸራ ልዘርጋ ብዬ ሳስብ ነፋሱ ባርኔጣዬን ይዞ ሄደ። ቨርና ከሳንባ ምች ከተነሡ ገና ወራቸው ነው። ከልቤ ፈራሁ።

ዱዌይን ወርዶ ወደ ራሱ ጋራዥ ሄደ። ቡናማ እሽግ ትከሻው ላይ አድርጎ ተመለሰ። የግራ ጎረቤቴ ኧርል አረንጓዴ አመጣ፣ የማዶዋ ግሌንዳ ቀይ። ያ ስንት ዓመት ያሾፍኩበት ትርፍ መሰላሉን ወጣ።

"ቀለሙ ካልተስማማህ ይቅርታ" አለኝ ዱዌይን ከላይ። "ሒሳብ የማንችል ሰዎች ነን።"

የመጨረሻው ምስማር እንደተመታ ዝናቡ ወረደ። እኔም ለማንኛውም ብዬ ባልዲ ይዤ አማቴ ክፍል ገባሁ። አልጋቸው ላይ ተጋድመው ወደ ላይ እያዩ ነበር።

"ባልዲውን መልሰው" አሉኝ። "እዚህ ላይ ያለውን አንተ አልለካኸውም።"