ወንድሜ የቆረጠው ደረሰኝ

መኪናዋ የባለቤቴ ናት። ኩላሊቱ ከከዳው ወዲህ ግን መሪዋን መያዝ አቃተው። ለእጥበት በሚሄድበት ቀን ታናሽ ወንድሜ ይነዳለታል፤ በቀረው ቀን ግቢ ቆማ ድመት ትወልድባታለች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በመርፌ ቤተሰብ ይበላ ይሆናል፣ በሽተኛ ግን አይታከምም። ስለዚህ እጥበት በሌለበት ቀን መኪናዋን ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ማከራየት ጀመርኩ።

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው ብሎን እያለ ነው። ልጅ ሳለ ብሎን ውጦ እናታችንን ሊገድላት ነበር፤ አድጎ ጋራዥ ከፈተ። መኪናዋ ኪራይ ስትጀምር ፍሬኗም፣ ክላቿም፣ ጎማዋም በየተራ እጅ ሰጡ፤ ከኪራዩ የሚበዛው ወደ እሱ ጋራዥ ሄደ። አንድ ቀን ከፍዬው ሳበቃ ደረሰኝ ስጠኝ አልኩት። የእጁን ዘይት በጨርቅ እየጠረገ ታዘበኝ።

«ለእህቴ ደረሰኝ? ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?»

እኔም አፈርኩ። እኛ ቤት ወንድምን ወረቀት መጠየቅ አላምንህም ማለት ነው። ያደግነው እንዲያ ነው፣ ሁለተኛ አላነሳሁበትም።

ዓመቱ ሲያልቅ ግብር ቢሮ ጠራኝ። አስጎብኚው የከፈለኝን ሁሉ አንድ ሳያስቀር አሳውቆ ኖሯል። ነጋዴ አይደለሁም፣ ሱቅም የለኝ፣ መኪናዋም የበሽተኛ ናት ብዬ ጮህኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ባለመነጽር ልጅ ታጋሽ ናት፤ ጩኸቴን አስጨርሳ አስረዳችኝ። የራሱን ወይም የቤተሰቡን መኪና የሚያከራይ በግሉ እንደሚሠራ ሰው ይቆጠራል፤ ግብሩ ወጪ ተቀንሶ ከሚተርፈው ላይ ነው፤ ወጪ ካለዎት ያሳዩ አለችኝ። ምን ላሳያት? ያረጀውን ፍሬን ነቅዬ ላምጣላት? ደረሰኝ ከሌለ የገባው ሁሉ ትርፍ ነው፤ ግብሩ ካልተከፈለ ደግሞ የመኪናዋ ፈቃድ አይታደስም አለች። ቁጣዬ እዚያው አለቀና ፍርሃቱ ብቻ ቀረ። ባለቤቴ ከእጥበት ሲወጣ የአውቶቡስ ደረጃ እንኳ መውጣት አይችልም።

ለብሎን አልነገርኩትም። የነገረው ባለቤቴ ነው። በማግስቱ ብሎን ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የገዛውን የደረሰኝ ጥራዝ ይዞ መጣና ስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሠራውን ሁሉ እያስታወሰ ጻፈ። አንድ ውሸት አልጨመረም። ያልከፈልኩትንማ እኔው ነበርኩ የማሰርዘው። የጋራዡን ማኅተም ሲመታበት፣ ይሄ ነገር አንተን አይጎዳህም ወይ አልኩት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ብሎ ሳቀ። እኔም ወረቀቶቹን ሰብስቤ ግብር ቢሮ ወሰድኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉት እንደኔ ዓይነቷን ነው።

ልጅቷ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበች። የተመዘገበ ደረሰኝ ስላልሆኑ እንደ ወጪ እንደማይያዙልኝ ነገረችኝ። እሺ ብዬ ልወስዳቸው እጄን ስዘረጋ መዳፏን ላያቸው ላይ አሳረፈች።

«ልመልስልዎ አልችልም፣ እናቴ። ይሄ ጋራዥ ይህን ገቢ አላሳወቀም።»

መስኮቱን ያዝኩ።

«ለእኔ ወጪ ያልሆነ ገንዘብ ለእሱ እንዴት ገቢ ይሆናል?»

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «እኔም ጠይቄ አውቃለሁ። የመለሰልኝ የለም።»

ወንድሜ ልጆች እንዳሉት፣ ከጋራዡ ሌላ ምንም እንደሌለው ነግሬያት ወረቀቶቹን እንድትቀድልኝ ለመንኳት። ዞር ብላ ከኋላዋ የተቀመጠውን አለቃዋን አየችና ወረቀቶቹን ፋይል ውስጥ ከተተቻቸው። እሷን ልሰድባት ፈልጌ ስድብ አጣሁ። ወንድሜን ከድጡ ወደ ማጡ ያስገባሁት እኔው ነኝ፣ ያውም በገዛ እጄ ተሸክሜ አምጥቼ።

የእጥበት ቀን ስለነበር ሁለቱም በር ላይ እየጠበቁኝ ነው። ባለቤቴ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጥሎ ከኋላ ተቀምጧል። ብሎን ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን የላላ ቺንጊያ ያጠብቃል። ቀና ብሎ ሲያየኝ መጀመሪያ ያየው እጄን ነው። ባዶ መሆኑን አይቶ ፊቱ በራ።

«ተቀበሉሽ ማለት ነው! አላልኩሽም?»

ባለቤቴ ተራዬ ሊያልፍ ነው፣ እንሂድ አለ። ብሎን ኮፈኑን ዘጋ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና፣ ከእንግዲህማ ቺንጊያ ላጠበቅኩበትም ደረሰኝ ነው የምቆርጥልሽ ብሎ ቀለደብኝ። አብሬው ሳቅኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ? ከባለቤቴ ጎን ገብቼ ተቀመጥኩ። መንገዱን ሙሉ የወንድሜን ማጅራት እያየሁ ሄድኩ። መሪውን የያዘው እሱ ነው፤ እጁ ቢንቀጠቀጥስ ብዬ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።