ባለ አረንጓዴ ጨረቃዋ ፍንጃል

«ከሷሊህ ፍንጃሎች አንዷ ባጃጅ ትገዛለች አሉ!»

ጎረቤታቸው እትዬ ፈዲላ ይህን ያለችው በለቅሶው የመጀመሪያ ቀን ነው። በማግስቱ ባጃጁ ሚኒባስ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ ከከላላ ለመጡ እንግዶች ስታንሾካሹክ፣ ነገሩ ደሴ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ደርሶ ነበር።

«እትዬ ፈዲላ፣ እስከ ማታ አዲስ አበባ እንዳትገቢብን» አለቻት የሟቹ የሷሊህ ልጅ ሩፋይዳ።

ሰው ሳቀ። የሩፋይዳ እናት አርዋ እንኳ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከሩቅ ላየው ለቅሶ ይመስላል።

ልብስ ሰፊው ሷሊህ ገበያ በወጣ ቁጥር አሮጌ ፍንጃል ይዞ ይመለስ ነበር። ገልብጦ ቂጧን ያያል፣ በጥፍሩ መታ ያደርጋትና ጆሮውን ያስጠጋል። ስልሳ ሦስት ፍንጃል በመስታወት ቁም ሳጥን ደርድሮ ቆለፈ፤ አንድም ሰው አልጠጣባቸውም። ከሁሉም የሚሳሳው ለባለ አረንጓዴ ጨረቃዋ ነበር። ለአረፋ ያደለበውን ሙክት ሰጥቶ ነው ያመጣት። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያርድ የነሱ ቤት ሽሮ በላ። «እስቲ ጥብሱን በፍንጃልህ ቅዳልኝ» እያለች አርዋ ወር ሙሉ ስትነዘንዘው ከረመች።

ሕመሙ ሲጠናበት ሩፋይዳን ጠርቶ ቁልፉን በእጇ አስጨበጣት። «ይቺ ጨረቃ ሁለተኛ የላትም። አደራ፣ እንዳትሰበር።»

ቀትር ላይ ከወግዲ ሁለት አይሱዙ ሙሉ ሰው ደረሰ። ተለቅሶ ሁሉም ሲቀመጥ ፍንጃል ጠፋ፤ የእድሩ ዕቃ ገሚሱ ታች ሰፈር ሌላ ለቅሶ ሄዷል። ቡናው በፔርሙዝ ሞልቶ ቆሟል፤ የመንገድ አቧራ የጠጡት ሽማግሌዎች ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ሩፋይዳ ፊቷ ጋለ። በሷሊህ ለቅሶ እንግዳ ፍንጃል አጥቶ ይቀመጥ? ቁልፉን ከአንገቷ ፈታች።

«አንቺ! ፎቁን ልትቀጂበት ነው?» አለች ፈዲላ።

«ከነደረጃው!»

ፍንጃሎቹ ወጥተው ታደሉ። የሀዘኑ ድንኳን እንደ ሰርግ ቤት ተንጫጫ። ሩፋይዳ ጨረቃዋን በመዳፏ ይዛ እየዞረች አዘገየቻት። በመጨረሻ ግን ባዶ እጃቸውን የቀሩ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ የወግዲው ጋሽ ይሄነው። ሞልታ ሰጠቻቸው።

ሁለት ጊዜ ፉት አሉ። ሦስተኛው ላይ እጃቸው ከዳቸው፤ ጨረቃዋ ድንጋይ ላይ አርፋ ሦስት ቦታ ሆነች።

«ወይኔ ልጄ!»

«ምንም አይደል ጋሼ፤ የእድሩ ናት።»

ድምጿ አልተሰበረም። እንግዳ በአባቷ ለቅሶ ላይ አፍሮ አይሄድም። ስብርባሪውን ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ አጥብቃ ቋጠረች፤ ከዚያ ለሽማግሌው በውሃ ብርጭቆ ሌላ ቡና ቀዳች።

ጋሽ ይሄነው ብርጭቆውን ተቀበሉ። ጎንበስ ብለው በጆሮዋ፣

«የእድሩስ አይደለችም፤ አውቃታለሁ። ለአባትሽ በሙክት የሰጠኋት እኔ ነኝ። አንዲት ብቻ ናት ብዬ ምዬለት ነበር» አሉና ቡናውን ፉት አሉ። «የቀሩት አምስቱ እቤቴ አሉ። ምራቴ ለጫጩት ውሃ ታቀርብባቸዋለች።»