ግሬስ የተባለችው ጉሪ

ማርሊስ ወደ ቤተክርስቲያኑ ምድር ቤት የወረደችው ክፉውን ለመስማት ተዘጋጅታ ነበር። ወንድሟ ቨርን ከበቆሎው መከር ወዲህ ስኒ ከእጁ እያመለጠው፣ ትከሻውም ሳያዘው እየተነቀነቀ ተቸግሯል። ሐኪሙ ከቤተሰቡ እንዲህ ያለ ሰው ነበረ ወይ ብሎ ጠየቀ። ከነበረ በዘር የሚወርድ ሊሆን ይችላል፤ እሷንም፣ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ልጇን ሶንያንም ሊያገኛቸው ይችላል። ለሐሙስ የሁለቱ ደም እንዲመረመር ቀጠሮ ተይዟል።

በቦርሳዋ ከካውንቲው መዝገብ ቤት የተገለበጠ አንድ ወረቀት አለ። የቅድመ አያቷ የቶርቫልድ የመጀመሪያ ሚስት፣ ጉሪ የምትባል፣ ዓመቱ በማይነበብ ቀን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገብታለች። «እጅና እግሯ ያለ ፈቃዷ ይጨፍራል፤ በኖርዌይ ያለው አባቷም እንዲሁ ነበር» ይላል። ቶርቫልድ በኋላ ቤሪትን አገባ። የማርሊስን አያት ግሬስን ያሳደገቻት ቤሪት ናት። የወለደቻት ግን የትኛዋ እንደሆነች የሚያውቅ የለም። ግሬስ በሠላሳ ሦስት ዓመቷ በኅዳር በሽታ ሞተች፤ ልጇን፣ የማርሊስን አባት፣ በሠላሳ ሰባቱ ትራክተር ተገልብጦበት ገደለው። በሽታው ቢኖርባቸውም እስኪወጣ አልቆዩለትም።

የአሮጌውን የኖርዌይ እጅ ጽሑፍ የሚያነብላት ሰልመር ነው። ዕድሜ ልኩን ላም ሲያልብ ኖሮ አሁን የቤተክርስቲያኑን መዝገብ ይጠብቃል።

«ሌላው ሰው እዚህ ሲመጣ ኬክ ይዞ ነው» አላት። «አንቺ ግን ሁልጊዜ ለቅሶ ይዘሽ ትመጫለሽ።»

የጥምቀቱን መዝገብ ገለጠ። በአንድ የጎርፍ ዓመት የገባ ውሃ የእናቶቹን ስም ከዳር በልቶታል። የ1885 ኤፕሪል ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆመና የቶርቫልድ ልጅ ይቺ ብቻ ናት፣ ስሟ ጉሪ ነው አላት። ግሬስ በእንግሊዝኛ አፍ የተለወጠ ስሟ ነበር።

ማርሊስ ወንበሩን ገፍታ ተነሳች። ሚስት የሞተችበት ሰው ሌላ ሲያገባ፣ አዲሲቱ የምትወልዳት የመጀመሪያ ሴት ልጅ የሟቿን ስም እንደምትወስድ በዚያ ኖርዌዮች በሰፈሩበት የአሜሪካ አገር የማያውቅ የለም። የገዛ አክስቷ ስም የወጣው እንደዚያ ነው። እንግዲያው የግሬስ እናት ቤሪት ናት፤ የጉሪ በሽታም ወደ እነሱ አልወረደም።

ግድግዳው ላይ ወዳለው ስልክ ሄዳ ለሶንያ ነገረቻት።

«እማዬ፣ አንቺ ደግ ወሬ ስታወሪ እኮ እፈራለሁ» አለች ሶንያ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። የሐሙሱን ቀጠሮ አሁኑኑ እንደምትሰርዝ ነግራት ዘጋች።

ማርሊስ ስትመለስ ሰልመር ቀና ብሎ አላያትም። ሌላ መዝገብ፣ የቀብሩን፣ ከፍቷል።

«ተቀመጪ፣ ልጄ።»

«ምን አገኙ?»

«ስሙ በሌላ መንገድም ይወጣል። እናቷ በወሊድ የሞተችባት ሕፃንም የእናቷን ስም ነው የምትወስደው።» ጣቱን ከመስመሩ ሥር አድርጎ ቀስ ብሎ አነበበላት። ጉሪ፣ የቶርቫልድ ሚስት፣ ከሆስፒታል አስከሬኗ መጥቶ ኤፕሪል ስድስት ተቀበረች። ሕፃኗ የተወለደችው ኤፕሪል ሦስት ነው። የቤሪት ሰርግ ከዚያ ሁለት ዓመት ይዘገያል።

ቄሱ ቀን ተሳስተው እንደሆነስ ብላ ጠየቀችው። እኚህ ቄስ የላም መጥፋት እንኳ በቀኑ የሚጽፉ ሰው ነበሩ አላት።

ዕድሜዋን ሙሉ ክፉውን ስትጠብቅ የኖረች ሴት፣ ዛሬ አንድ ጊዜ አምና ልጇን አሳመነቻት። ስልኩን አነሳች፤ መስመሩ ተይዟል። ደገመች፤ ተይዟል። ሶንያ ለሆስፒታሉ እየደወለች ይሁን ለአማቷ ምሥራቹን እየነገረች፣ ማርሊስ አላወቀችም። በአራተኛው ጊዜ ሶንያ አነሳች።

«እማዬ፣ አሁን ለአማቴ ነግሬያት...»

«ሶንያ፣ ስሚኝ። ቀጠሮውን ከሰረዝሽው መልሰሽ ያዢው። እኔ ተሳስቻለሁ።»

ሰልመር ያነበበላትን የቀብር ቀን ነገረቻት።

«እኔ ቀድሜ እመረመራለሁ» አለች ማርሊስ። «እኔ ከሌለብኝ አንቺም የለብሽም።» ካለብኝስ የሚለውን ግን ሁለቱም አላነሱትም።