ለግጥሙ የተላከ ነጠላ

ዐናብ ልጇ ዘንድ ልትኖር ጅጅጋን ለቃ ቶጎ ውጫሌ ከገባች በኋላ ለቀድሞ ጎረቤቷ ለአትጠገብ በሚኒባስ ካሴት ላከች። ካሴቱ ላይ ራሷ የገጠመችው ቡራንቡር ነበር፤ የሶማሌ ሴቶች ሲደሰቱም ሲናፍቁም የሚያዜሙት ግጥም። አትጠገብ ጅጅጋ ጨርቅ ስትነግድ የኖረች ሴት ናት፤ ሶማሊኛዋ ግን ከሜትርና ከዋጋ አያልፍም። ከግጥሙ የገባት የራሷ ስም ብቻ ነው። በተጠራች ቁጥር እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ወዲያው የምትሳሳለትን ባለ ጥበብ ነጠላ አጣጥፋ በዚያው ሚኒባስ ላከችላት። ከዚያ ወዲያ የዐናብ ድምፅ ጠፋ።

"ንጋቷ፣ ምን ብላኝ ይሆን?" አለች አትጠገብ የራሷን ልጅ።

ንጋቷ መሥሪያ ቤት ተቀምጣ የከብት ክትባት ማስታወቂያ ከአማርኛ ወደ ሶማሊኛ፣ ከሶማሊኛ ወደ አማርኛ ስትገለብጥ የምትውል ልጅ ናት። ምኞቷ ግን ሌላ ነው፤ መጽሐፍ ተርጉማ ስሟን ከደራሲው ስም ሥር፣ በደቃቅ ፊደልም ቢሆን፣ ታትሞ ማየት። ከልጅነቷ ጀምሮ 'ኤዶ'፣ አክስቴ፣ የምትላትን የዐናብን ግጥም እንደ ክትባት ማስታወቂያ ልትገለብጠው አልደፈረችም። ፍሬ ነገሩን ብቻ መንገርም ግጥሙን መግደል መሰላት፤ እናቷም ለሌላ ሰው ማሰማቱን አልወደደችም።

"ትንሽ ላንብብ፣ እማዬ። አማርኛዬ አይችለውም" አለች።

ያ "ትንሽ" ዓመታት ፈጀ። ከአዲስ አበባ ሽፋኑ ተገንጥሎ የሚመጣ ልብ ወለድ፣ ከሐርጌሳ የሚገባ መጽሔት፣ የሙሾ ስብስብ፣ የቅኔ መጽሐፍ፣ ምን የቀራት አለ? የባቢሌ ለውዝ የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ሳታነብ አትጥልም። ሐረር ለሥራ ስትሄድ የካራማራን ተራራ የምታልፈው መጽሐፍ ላይ አንገቷን ደፍታ ነው። ማንበቡስ ደግ ነበር፤ ክፋቱ፣ ባነበበች ቁጥር ግጥሙ ይርቃታል። ዛሬ የጻፈችውን ስንኝ ነገ የተሻለ ቃል አግኝታ ትሰርዘዋለች። እናቷ ደግሞ ካሴቱን ከፍታ ስሟን ትጠብቃለች። ሲጠራ "አቤት" ትላለች፣ ብቻዋን።

አንድ ቅዳሜ ንጋቷ ከአሮጌ የሐርጌሳ መጽሔት ስለ ቡራንቡር የተጻፈ ጽሑፍ አነበበች። ስሙ ተጠርቶ የተገጠመለት ሰው ቃል ይመልሳል፤ ዝም ካለ ያስቀይማል ይላል። የልጅነቷ ሠርጎች ትዝ አሏት፤ አንዷ አዚማ ስትቀመጥ ሌላዋ ብድግ የምትለው ለካ ለዚህ ነው! እናቷ ግን ነጠላ እንጂ ቃል አልመለሰችም። ስርዝ ድልዝ የሞላበትን ወረቀቷን ይዛ እናቷ ፊት ተቀመጠችና እንዳለ አነበበችው።

"አትጠገብ፣ የመካከላችን አጥር እንዴት ነው?
አትጠገብ፣ ጨው ሲያልቅብሽ ማንን ትጣሪያለሽ?
እዚህ ዘመድ ሞልቶኝ፣ ባጥር የሚጠራኝ አጣሁ፤
አንቺስ፣ አትጠገብ፣ ስሜ ባፍሽ አለ ወይ?"

አትጠገብ ቀና አለች። "ጠይቃኝ ነው እንዴ?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ስትጠይቀኝ? እኔ እኮ ነጠላ ላኩላት!"

"እንዲያምርልሽ ብዬ ነው የቆየሁት..."

"ማን እንዲያምር አለሽ? እኔ የናፈቀችኝ ዐናብ ናት!"

ንጋቷ የምትገባበት ጠፋት። እናቷ ግን ቴፑን ወደ አፏ አስጠግታ መቅጃውን እንድትጫን አዘዘቻት።

"ዐናብ! አጥሩ አለ። ጨው ባለቀብኝ ቁጥር 'ዐናብ' ብዬ እጣራና አፌን ይዤ ሱቅ እሄዳለሁ። ነጠላው መልስ አይደለም፤ አላወቅሁም ነበር፣ እህቴ።"

ንጋቷ ያንኑ በሶማሊኛ አስከተለች። ያ ሁሉ ያነበበችው የት ተቀምጦ እንደ ነበር እንጃ፤ ቃሉ ሳትፈልገው ከነዜማው መጣላት። መሰረዣ ጊዜም አልነበራትም።

ካሴቱ በሚኒባስ ሄደ፤ ሳምንት ሳይሞላም ከቶጎ ውጫሌ ሌላ ካሴት መጣ። የዐናብ ድምፅ አርጅቷል። ንጋቷ ወረቀት ፍለጋ ስትነሣ እናቷ እጇን ያዘቻት።

"ተይው። እየሰማሽ ንገሪኝ።"

"'ነጠላሽን አልለበስኩትም' ትላለች፣ ኤዶ ዐናብ። 'በርዶኝ አልነበረም የጠራሁሽ።'" ንጋቷ ጆሮዋን ወደ ቴፑ አስጠጋች። "'ዛሬ ግን ለበስኩት። እስቲ ደግመሽ ጥሪኝ።'"

አትጠገብ የትከሻዋን ነጠላ አስተካክላ ወደ ቴፑ ጎንበስ አለች።

"ዐናብ!"