የድመቷ ሽሮፕ

ቦርሳዋን የማያውቃት ሰው ፈተሸው። ወጣት ነበር፤ እያንዳንዱን ኪስ እየከፈተ፣ የመነጽሯን ማኅደር ሳይቀር አራግፎ አየ። በዚህ በር ስትገባና ስትወጣ ስንት ዓመቷ፤ ቦርሳዋ ተከፍቶ አያውቅም። በሩ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ ከሩቅ ሲያዩዋት ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ «ዛሬስ ምን የሚነበብ አለ?» ይሏት ነበር እንጂ።

«ፕሮፌሰር የት ሄዱ?» አለችው።

«የልጅ ልጃቸው ታማባቸው ሆስፒታል ናቸው። ትናንትም አልገቡም።»

«ምን ሆነች?»

«እኔ እንጃ። ሽንት እምቢ አላት ነው የሚሉት።»

ነገሩ የገባት ደረጃው መሐል ላይ ስትደርስ ነው። እጇ የደረጃውን ብረት ጨበጠ፤ ከኋላዋ የሚመጡት ሰዎች በጎንና በጎኗ አልፈዋት ወጡ። ሽንት መቆም። ባለፈው ሰሞን ባወጡት ማስታወቂያ ላይ ከሕመሙ ምልክቶች መጀመሪያ የተጻፈው እሱ ነበር። የተበከለ የሕፃናት ሳል ሽሮፕ ገበያ ላይ መገኘቱን፣ ኩላሊት እንደሚያቆም፣ በእጁ ያለ ሰው እንዳይጠቀምበት የሚናገር ማስታወቂያ ነው። ጽሑፉን እንዲህ አጭርና ንጹሕ ያደረገችው እሷ ናት።

ሥራዋ ይኸው ነበር። መሥሪያ ቤቱ ደንብና ማስታወቂያ ያወጣል፤ እሷ የሚወጣው ነገር ለተራው ሰው እንዲገባ ታደርጋለች። ከሕግ ክፍሉ ትንፋሽ የሚያሳጥር ዓረፍተ ነገር ይመጣላታል፣ እሷ ትቆራርጠዋለች። በዚህ የተነሣ «እትዬ አራት ነጥብ» ብለዋታል፤ ስሙን ስትሰማ አትቆጣም። መቆራረጡ ግን ለእሷ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ፈተናው ነው። አንድ ሰው መስኮቱ አጠገብ ታስቀምጥና ወረቀቱን ትሰጠዋለች። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ተቀብላ ትደፋዋለች፤ ከዚያ ነገሩ ምን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚመለከት፣ ምን መደረግ እንዳለበት ትጠይቀዋለች። ከጠየቀች በኋላ አትናገርም። ቢሳሳት አታርመውም፣ ቢያገኘው ፈገግ አትልም፣ ራሷን እንኳ አትነቀንቅም። የምታየውን ብቻ ትጽፋለች፦ ጣቱ የቱ ቃል ላይ እንደቆመ፣ ዓይኑ ከየት ወደየት እንደተመለሰ፣ ከንፈሩ የት ላይ እንደተንቀሳቀሰ። የረዳሽው አንባቢ ዋጋ የለውም ትላለች ለራሷ፤ ቤቱ ሆኖ ሲያነብ ማን ይረዳዋል?

አንባቢዎቿ የበሩ ጥበቃ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ፣ አንድ ሾፌርና የሻይ ክበቧ ሴትዮ ናቸው። ከውጭ ሰው ለማምጣት ደብዳቤ፣ ለደብዳቤው ፈቃድ፣ ለፈቃዱ ስብሰባ ያስፈልጋል። እነዚህ ግን እዚሁ ናቸው፤ ተራ ሰዎችም ናቸው። ከሁሉም የሚበልጡት ሽማግሌው ነበሩ። «ፕሮፌሰር» ያለቻቸው የክበቧ ሴትዮ ናት። «ከማንበብ ብዛት እኮ» ትላለች ሻይ እየቀዳች፣ «ሚስታቸውን ሲቆጡ እንኳ ‹በዚህ ማስታወቂያ መሠረት› ብለው ነው የሚጀምሩት።» የሽሮፑን ማስታወቂያ አንድ ጊዜ ብቻ አንብበው ሳይደናቀፉ መለሱ። ሌሎቹም መለሱ። እሷም ግርጌው ላይ «ግልጽ ነው» ብላ ፈረመች።

ቢሮዋ ስትገባ የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«ሌሎችም ሕፃናት ታመው ሆስፒታል ተኝተዋል» አላት ሰላምታ ሳያስቀድም። «ከበላይ ትእዛዝ መጥቷል። ማስታወቂያው ዛሬ በስድስት ሰዓት ዜና ይደገማል።»

«ያው ጽሑፍ?»

«ያው ነዋ። ምን ጎደለው? አንቺው ፈርመሽበታል።»

«ካልጎደለው ሰው ለምን አልሰማም?»

«ሕዝቡ ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ እኛ ምን እናድርግ፣ እትዬ? አሁን ደግሞ ነጥብ ይጨመር እንዳትዪኝ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ፊቱ ላይ አልቆየም። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለሚጽፋት እያንዳንዷ ቃል ፍርድ ቤት እንደሚቆም አድርጎ የሚያስብ ሰው ነበር እንጂ።

ቦርሳዋን እንደያዘች ተመልሳ ወጣች።

የሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል በር ተዘግቷል። ሽማግሌው በሩ ፊት ባለው አግዳሚ ላይ፣ የጥበቃ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ልጃቸው፣ የሕፃኗ እናት፣ ከጎናቸው ፌስታል ታቅፋለች። ሽማግሌው ሲያዩዋት እንደ ልማዳቸው ብድግ ሊሉ ሞከሩና መልሰው ተቀመጡ።

«መጣሽልኝ ልጄ?»

«እንዴት ናት አባባ?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጠብ የሚል ነገር የለም። ፊቷ አብጦ፣ እኛንም አታውቅ። አሁን ኩላሊት እጥበት አስገብተዋታል።»

«ምን ጠጥታ ነበር?»

«ምን ትጠጣለች? ጉንፋን ይዟት ስትስል ስታድር ጊዜ እናቷ የድመቷን ሰጠቻት።»

«የድመቷን?»

«የድመቷን ሽሮፕ ነዋ!» አሉ ተገርመው። «አገር ምድሩ ለልጁ የሚሰጠውን። አንቺ ስላልወለድሽ ነው የማታውቂው።»

«ሐኪሙም ጠይቆኝ ነበር» አለች ልጃቸው። ድምጿ ጎርንኗል። «አንድ ረጅም ስም ጠራና ይሄን ሰጥተሻታል ወይ አለኝ። ኧረ እኔ እንዲህ የሚባል ነገር ቤቴም ገብቶ አያውቅ አልኩት።»

«ጠርሙሱን ይዘሽዋል?»

ከፌስታሉ ውስጥ፣ ከሕፃኗ ልብስ ሥር አወጣችው። ጠርሙሱ ላይ አንዲት ብጫ ድመት ማንኪያ ይዛ ትስቃለች። ድመቷ ወረቀቱን ሞልታዋለች። ገልበጥ ሲያደርጉት ግን ከበስተጀርባው፣ ከታች፣ ጉንዳን በሚያካክሉ ፊደላት አንድ ረጅም ስም ተጽፏል፤ ከሥሩም ቁጥር። ማስታወቂያው ላይ የተጻፉት ናቸው፤ ስሙንም ቁጥሩንም በቃሏ ታውቃቸዋለች።

ጣቷን ከስሙ ሥር አድርጋ ጠርሙሱን ለሽማግሌው ሰጠቻቸው። ከደረት ኪሳቸው መነጽራቸውን አወጡ፤ ማንበብ የሚወዱ ሰው ናቸውና በጥንቃቄ አጸዱት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። መጨረሻው ላይ ደረሱና ዓይናቸው ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። እንደገና ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። በሦስተኛው ንባብ መሐል መንገድ ላይ ቆመ።

«ይሄን ስም አውቀዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

ልጃቸው አየቻቸው። «ከየት ታውቀዋለህ?»

ጠርሙሱን ገልብጠው ድመቷን አዩ።

«አባዬ፣ ከየት ነው የምታውቀው? አንብበኸው ነበር?»

«አንብቤዋለሁ። ልክ ብዬም መልሻለሁ።» ማስታወቂያውን ወዳስነበበቻቸው ሴት ዞሩ፤ እርዳታ እንደሚፈልግ ሰው። «ማንን ይመለከታል ስትዪኝ፣ ሕፃናት ያሏቸውን ቤተሰቦች አላልኩሽም? ልክ ነው ብለሽኛል እኮ።»

«እኔ ልክ ነው አልልም አባባ። አልናገርም።»

«አንቺማ አትናገሪም፤ የሚናገረው ብዕርሽ ነው።» እጃቸውን አንሥተው በአየር ላይ የሚጽፍ ሰው አስመሰሉ። «ስንሳሳት ቀጥ ይላል። ልክ ስንል ይሮጣል። ሁላችንም እናውቃለን፣ ሾፌሩም፣ የክበቧም ሴትዮ። ካቃተን ቃሉን ወዲህ ወዲያ እያልን ብዕርሽ እስኪሮጥ እንጠብቃለን። ደስ እንዲልሽ ነዋ፣ ልጄ። ደክመሽ ስትወጪ እናይሽ የለ? እኔ ወረቀቱን ሳነብ አንቺ የምትጠይቂኝን ነው የማነበው። ቤቴን አስቤው አላውቅም።»

በድምፃቸው ወቀሳ አልነበረም። ቢኖርበት ይሻላት ነበር።

ልጃቸው ጠርሙሱን ከእጃቸው ቀስ ብላ ወሰደች። አልጮኸችም። የተዘጋውን በር አንኳኩታ ጠርሙሱን ለነርሷ አቀበለችና ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ቀረች። አባቷን ዞራ አላየችም።

ከመሥሪያ ቤት የመጣችው ሴት ወደ ደረጃው ሄዳ ስልኳን አወጣች። ሰዓቱ ወደ ስድስት ተጠግቷል። የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ወዲያው አነሣ።

«ስሙ አይደለም» አለችው። «ሰው በስሙ አያውቀውም። ጠርሙሱ ላይ ድመት ተስላለች፤ የድመቷ ሽሮፕ ብለው ያንብቡት። ሁለት ቃል ብቻ ጨምርልኝ።»

«ድመት ይሁን ዝሆን፣ የንግድ ምልክት ባለቤት አለው። ያንኑ ሥዕል የለጠፈ ንጹሕ መድኃኒት ቢኖርስ? ያለጥፋቱ ስሙን አጥፍተን...»

«ንጹሑም ይደፋ! ሽሮፕ ነው፣ ይደፋ።»

«በጽሑፍ ላኪልኝና ለኮሚቴው...»

«ልጅህ ሲያስለው ምን ትሰጡታላችሁ?»

የሱን ትንፋሽ ትሰማው ነበር።

«እኔ... እሷ ናት የምታውቀው» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለ። «ባለቤቴ ናት የምትሰጠው።» ስልኩ ተዘጋ። መልሳ ደወለች፤ ተይዟል። እንደገና ደወለች፤ ተይዟል።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የፈረመችባቸው ማስታወቂያዎች አንድ በአንድ መጡባት፤ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ የተባይ ማጥፊያው፣ ሊወድቅ የሚችለው ድልድይ። ሁሉም ግርጌያቸው ላይ ያው የእሷ ጽሕፈት አለ። እነዚያን ሁሉ ያነበበላት ማን ነበር? ብዕሯን እየጠበቁ የሚመልሱላት፣ የሚወዷት አምስት ስድስት ሰዎች። እሷ ስትመለከታቸው እነሱም ይመለከቷት ነበር፤ ወረቀቱን ግን ማንም አላየውም። በእነዚያ ወረቀቶች ምክንያት የት የት ቤት ምን እንደደረሰ የሚነግራት የለም።

ከታች፣ ከተመላላሽ ሕሙማን አዳራሽ፣ የዜናው ሙዚቃ ተሰማ። ተነሥታ ወረደች።

አዳራሹ ሕፃናት ባቀፉ ሴቶች ሞልቷል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ማስታወቂያውን ማንበብ ጀምሯል። «ዝም በሉ እስቲ፣ ስለ ልጆች ነው!» አለች አንዷ፤ ጫጫታው ረገበ። ዓረፍተ ነገሮቹ የእሷ ነበሩ፤ አጫጭር፣ ንጹሕ፣ ማንም ሊከተላቸው የሚችል። ሁለቱ ቃላት አልተጨመሩም። ሴቶቹ ከልባቸው አዳመጡ። እሷ እነሱን አየች፣ ማየት ሥራዋ ነውና፤ ዓይናቸው የት እንዳለ፣ እጃቸው የት እንዳለ። ረጅሙ ስም ተነበበ፤ አንድም እጅ አልተንቀሳቀሰም። ቁጥሩ ተነበበ፤ አንድም እጅ አልተንቀሳቀሰም። ተንቀሳቀሰ ከተባለ ፊት ለፊት የተቀመጠችው ሰማያዊ ሻርፕ ያደረገች ሴት እጅ ብቻ ነበር። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ ጉልበቷ ላይ ላስቀመጠችው ልጅ ቀይ ሽሮፕ በክዳኑ ትቀዳለች። በጣቶቿ መሐል የድመቷ ጆሮ ይታያል።

«የማን ልጆች ይሆኑ?» አለች ከንፈሯን እየመጠጠች፣ ለጎረቤቷ። «እናቶቻቸውስ ምን ነክቷቸው ነው የማያውቁትን ነገር የሚሰጡት?»

ክዳኑ ልጁ አፍ ሊደርስ ሲል፣ ቆማ ስታያቸው የነበረችው ሴት እጇን አፈፍ አድርጋ ያዘቻት። ሽሮፑ ልጁ ደረት ላይ ፈሰሰ።

«ምን ሆነሻል አንቺ! እብድ ነሽ?»

«ይሄ ነው።»

«ምኑ?»

«አሁን የሰማሽው። ይሄው ነው። የድመቷ ሽሮፕ ነው።» ጠርሙሱን ከሴትየዋ እጅ ወስዳ ከራሷ በላይ አነሣችው። ድምጿ ከየት እንደወጣ አላወቀችም፤ ሰው ፊት ጮኻ አታውቅም። «ይሄ ነው! የድመቷ! ያላችሁ እንዳትሰጡ፣ የድመቷ ነው!»

ከዚያ የፌስታል ኮሽታ ተሰማ፤ ቀጥሎ የቦርሳ ዚፕ። ከወዲያ ጥግ አንድ ጠርሙስ ወጣ። ከአምዱ ሥር ሌላ። አንዱ ግማሽ ነበር፤ አንዱ ባዶ። አንዲት ልጅ እግር እናት የራሷን አውጥታ ድመቷን ካየች በኋላ፣ ትንሽ ቆይታ፣ ልጇን አየች። ከዚያ ወዲያ ፊቷ ሌላ ሆነ፤ ፊቶቹ ሁሉ ሌላ ሆኑ። ገብቷቸው ነበር። ይህን ፊት ለማየት ነበር ዕድሜዋን ሙሉ መስኮቱ አጠገብ ሰው ስታስቀምጥ የኖረችው፤ አሁን ሲመጣ ልታየው አልቻለችም። ዓይኗን ወደ ደረጃው አሸሸች። ሽማግሌው ኮፍያቸውን ይዘው እመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆመዋል፤ ከላይ ወሬ ይዘው ይምጡ ወይም ጩኸቷን ሰምተው ይውረዱ ከፊታቸው መለየት አይቻልም።

ሰማያዊ ሻርፕ ያደረገችው ሴት እጅጌዋን ይዛ ጎተተቻት። አሁን ቁጣ አልነበረባትም።

«ትናንት ሰጥቼዋለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ዛሬ ጠዋትም ሰጥቼዋለሁ። አሁን ምን ላድርግ?»

ማስታወቂያው ለዚህ መልስ ነበረው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ራሷ ናት ያሳጠረችው። ሽሮፑን የወሰደ ሕፃን ካለ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይውሰዱ ይላል፤ እነሱ ግን እዚያው ጤና ተቋም ውስጥ ነበሩ። አፏን ከፈተች። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ዙሪያዋን ከበቡ፤ የሁሉም ዓይን ከንፈሯ ላይ ነበር።

«ንገሪን እንጂ» አለች አንዷ ከኋላ።

ልጁ ከእናቱ ጉልበት ላይ ሆኖ ሁለት እጁን ወደ ጠርሙሱ ዘረጋ፤ «ድመቴን ስጪኝ» እያለ ማልቀስ ጀመረ።