መጥረጊያው ይደበቅ

ሥራ አስኪያጃችን «ንጹህ» የሚለውን ቃል በጠራ ቁጥር ከንፈሩን እንደሚልስ ካስተዋልኩ ወዲህ ቃሉ ራሱ ያቅለሸልሸኛል። «ንጹህ ኃይል! ንጹህ ነዳጅ! የልጆቻችን ነገ!» ይላል፣ በዚያ ጤፍ በሚቆላ ምላሱ። ሃይድሮጅን ሲነድ ጭስ የለውም፤ የሚወጣው ውሃ ነው። ይሄ እውነት ነው። የሚያስጠላኝ እውነቱ እሱ አፍ ውስጥ መግባቱ ነው።

እኔ የጋዝ መስመር ቴክኒሻን ነኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ «ጋሼ መጥረጊያ» የምንላቸው አንጋፋ ናቸው። የሃይድሮጅን እሳት በቀን ብርሃን አይታይም። እሳት የሚለየው ካሜራ «ይመጣል» ከተባለ ሁለት ዓመቱ ነው። ስለዚህ ጋሼ እጀታው ረጅም የሆነ የሣር መጥረጊያ ከፊታቸው ዘርግተው በቧንቧዎቹ መሃል ይሄዳሉ። ሣሩ ከነደደ እሳት አለ ማለት ነው። «ከኔ በፊት እሱ ይቃጠል፤ እሱ ጡረታ አይጠብቅም» ይላሉ።

በአዲሱ የሃይድሮጅን መስመር ምረቃ ቀን ጠዋት ሥራ አስኪያጁ መጣ።

«ይሄ መጥረጊያ ይደበቅ! እንግዶቹ ምን ይሉናል?»

«ሦስተኛው መጋጠሚያ ጋ የሚያፈተልክ ጋዝ ፉጨት ሰምቻለሁ፤ መስመሩ ይዘጋልኝ» አሉ ጋሼ።

«በእንግዳ ፊት? ጋሼ ደግሞ! የሚወጣው እኮ ውሃ ነው።» ስቆ መጥረጊያውን ነጠቃቸውና ቢሮው ውስጥ ቆለፈበት።

እንግዶቹ አጨብጭበው ወደ መስመሩ ሲመጡ ጋሼ ቀድመዋቸው ሮጡ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ባዶ እጃቸውን ወደ መጋጠሚያው ዘረጉ። ምንም አልታየም። ጋሼ ግን ጮኹ። የተቃጠለ ሥጋ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ሮጬ ቫልቩን ዘጋሁ። ሥራ አስኪያጁ «ትንሽ እንፋሎት ነው» እያለ እንግዶቹን ወደ ምሳ ነዳቸው። ወይ አለማፈር! ምሳቸውን በሉ።

በማግስቱ ቢሮው አስጠራኝ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ። እሳት አይተሻል?»

«አይታይም እኮ!»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። አይተሻል ወይስ አላየሽም?»

«አላየሁም።»

«ጎበዝ። ለጋሼም የሚበጃቸው ነገሩ ቶሎ ሲያልቅ ነው።» ቃሌን ጽፎ ወረቀቱን ገፋልኝ። ውሸት ፈለግኩበት፤ አንዲትም የለችበትም። ፈረምኩ። ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ እሳት እንዳልነበረ በምስክር ስለተረጋገጠ፣ የጋለ ቧንቧ በቸልተኝነት የነኩት ሠራተኛ ተሰናብተዋል።

ራሴን እንዲህ ተጸይፌ አላውቅም።

ሆስፒታል ስደርስ የጋሼ እጅ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል። ማስታወቂያውን ሰምተዋል።

«ሃይድሮጅኑን እንዳትጠዪብኝ» አሉኝ። «ነገ ዞሮ ዞሮ እሱ ጋ ነው። የቆሸሸው ሌላ ነው።» ቀጥለውም፣ «ምስክሩ ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። እሳት አላየሁም አልኩ።»



«እውነትሽን ነው፤ አይታይም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።