ጀንበር ስትጠልቅ ወደ ታች

1.

ጀንበር ስትጠልቅ ወደ ታች።

በወረዳው የሬዲዮ ክፍል ግድግዳ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሕግ ነው። የጻፉት የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ደምመላሽ ናቸው። በቀን ሁሉም ከፍ ባለው ሞገድ ይነጋገራል፤ ሲመሽ እሱ ስለሚደክም ሁሉም ዝቅ ወዳለው ይወርዳል። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች ከቀረ ግን ጉሮሯቸው ቢበጠስም አይደማመጡም።

2.

ስልክ የማይደርስበት አገር ነው። በሬዲዮ ተናግሮ የጨረሰ «ኦቨር» ብሎ ተራውን ይለቃል። የሬዲዮ ኦፕሬተሯ ዘርፌ ትባላለች። ታሪኩን በቁራጭ በቁራጭ የምነግራችሁ እሷም የሰማችው እንደዚያው ስለሆነ ነው።

3.

የአምቡላንሱ ሹፌር፣ በቀኑ ሞገድ፦ ጫኔ ነኝ። ምጥ የያዛት እናት ጭኜ ከተራራው ማዶ ተነሥቻለሁ። ኦቨር።

(ጀንበር ጠለቀች። ወደ ታች ወረዱ።)

የሸለቆው ጤና ኬላ፣ በማታው ሞገድ፦ ኧረ ጎርፉ አምቡላንሱ የሚያልፍበትን ድልድይ ወሰደው! ኦቨር!

4.

ዘርፌ፦ ጫኔ፣ ጫኔ፣ ትሰማኛለህ? ኦቨር።



ዘርፌ፦ ጫኔ!



(ባዶው የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም። የሰማችው ይህንኑ ነው።)

5.

«ሬዲዮው ተበላሽቶበት ይሆናል» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

«ጫኔ? እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው።»

«ታዲያ ሕጉን ረስቶ ነዋ!»

ዘርፌ በመስኮቱ ወደ ተራራው አየች። ጀንበር ከጀርባው ከገባች ቆይታለች።

«አልረሳም፣ ጋሼ። እሱ እኮ ከተራራው ማዶ ነው። የሱ ጀንበር ገና አልጠለቀችም።»

6.

ወደ ላይ።

ከማታው ሞገድ ተመልሶ ወደ ቀኑ የወጣ ኦፕሬተር ጋሽ ደምመላሽ አይተው አያውቁም።

«ኧረ ሌሎቹ ቢጠሩንስ?» አሉ።

«ትንሽ ይታገሡና! እነሱ ወደ ተወሰደ ድልድይ እየነዱ አይደለም።»

ወይ ድፍረት! እኔ ብሆን መጀመሪያ ፈቃድ እጠይቅ ነበር። እሷ መልስ ስትሰጥ እንኳ ጣቷ ሞገዱን እያዞረ ነበር።

7.

ጫኔ፦ …ጀንበሯ በኋላ መስታወቱ ዓይኔን… የት ጠፋችሁብኝ… ኦቨር።

ዘርፌ፦ ድልድዩ የለም! መገንጠያው ላይ ወደ ግራ! ድልድዩ የለም! ኦቨር!

ጫኔ፦ …

ዘርፌ፦ ድምፅህ አይመጣም። ከሰማኸኝ ማይኩን ሁለቴ ተጫን። ሁለቴ!

ጭ።



ጭ።

8.

እናቲቱ በሰላም ተገላገለች። ዘርፌ ይህን ስትሰማ ማይኩን እንደያዘች አለቀሰች፤ ጋሽ ደምመላሽም ያላዩ መስለው የራሳቸውን ዓይን ጠረጉ።

በማግሥቱ እርጥብ ጨርቅ ይዘው ግድግዳው ፊት ቆሙ።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ጀንበር ለሁላችንም እኩል የምትጠልቅ መስሎኝ!» አሉ።

ሕጉን አጥፍተው እንደገና ጻፉት። መጀመሪያው ላይ ግን ክፍት ቦታ ተዉ፤ በየማለዳው የሚሞላ ነው። ጠመኔውን ለዘርፌ ሰጧት።

«በይ ልጄ፣ ዛሬ ማዶ ያለው ማን ነው?»

9.

የ____________ ጀንበር ስትጠልቅ ወደ ታች።